የጎረቤቴ ልጅ ሐሙስ ወደ ማሠልጠኛ ይገባል፤ ምን ብዬ ልምከረው?

ጡረተኛው ዘገላን | እሑድ ማታ 2፡40

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ከማንበብ በቀር ብዙ አልጽፍም። ዛሬ ግን አንድ ነገር ከብዶኝ ነው። የምኖረው ገላን ነው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ከባድ መኪና ሌሊቱን ሙሉ የሚያጓራበት ሰፈር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እዚያው አንድ መጋዘን እጠብቃለሁ። አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ዛሬ ቡና ጠርታኝ በረካው ላይ ስንደርስ "ጋሼ፣ ልጄ ሐሙስ ወደ ማሠልጠኛ ሊገባ ነው፤ ወታደር ነበሩና እስቲ ይምከሩልኝ" አለችኝ። ልጁ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። 19 ዓመቱ ነው። እኔም "በርታ፣ ጎበዝ ሁን፣ አለቃህን አክብር" አልኩና ቡናዬን ጨልጬ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን አፈርኩ። ይሄ ምክር ነው?

ልነግረው የሚገባኝ ሌላ ነገር ነበር። የዶሮዋን ነገር።

ወጣት ወታደር ሳለሁ፣ ክፍሉንም ቦታውንም አልጠራም፣ አንድ ገጠር ሰፍረን ስንቅ ዘገየ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አይደለም፤ አራት ቀን ነው። ኮቾሮው እንኳ አለቀ። በአራተኛው ቀን ማታ ከመሀላችን አንዱ ዶሮ ይዞ መጣ። ከየት አመጣህ ያለው የለም። ሁላችንም እናውቃለንና፤ ከወንዙ ማዶ ካለችው ባሏ የሞተባት ሴትዮ ቤት በቀር በዚያ አካባቢ ዶሮ የለም። ቀቀልናት፣ በላናት። ጠዋት የመቶ አዛዣችን መጣና ላባውን አየ። አልጮኸም። "የበላ እጁን ያውጣ" አለ። 11 እጅ ወጣ፣ የእኔም አለበት። 11ዳችንንም አሰልፎ፣ ወንዙን አሻግሮ፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ገተረን። ኮፍያውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃት። ከራሱ ኪስ ከፈለ፣ ደሞዝ ሲመጣ ደግሞ ከእያንዳንዳችን ቆረጠ። በኋላ እንደሰማነው ስለ ስንቁ መዘግየት ወደ ላይ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጽፎ ኖሯል፤ የተመለሰለት ለራሱ ተግሣጽ ነው።

ከእኛ አጠገብ ሌላ የመቶ ጦር ነበረ። እዚያ ዶሮ ሲመጣ ፈረሰኛው የሚቀርበው ለአዛዡ ነበር። በዶሮ ጀመሩ፣ ወደ ፍየል ሄዱ፣ ከፍየል በኋላ የት እንደደረሱ እዚህ አልጽፈውም።

እኛ ከእነዚያ የተሻልን ልጆች አልነበርንም። ከአንድ ማሠልጠኛ ነው የወጣነው፣ አንድ ትምህርት ነው የተማርነው። የለየን አዛዡ ነው። ታዲያ ለዚህ ልጅ ምን ይባላል? "ጥሩ አዛዥ ይግጠምህ" ብሎ መመረቅ ብቻ ነው?

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | እሑድ ማታ 3፡05

ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ግን መልሱን ራስዎ ሰጥተውታል፤ ዕድል ነው። ወታደር ማለት ታዛዥ ማለት ነው። አስብ ተብሎ አልተቀጠረም። ሥነ ምግባር ምናምን የሚባለው ለግድግዳ ፖስተር ነው። ልጁን "ራስህን ጠብቅ፣ ለእናትህ ብር ላክ" ይበሉት፣ ይበቃዋል።

ሕግ ነክ | እሑድ ማታ 3፡31

ዳዊት፣ "አስብ ተብሎ አልተቀጠረም" ያልከው በሕጋችንም ስህተት ነው። የ1996 ዓ.ም.ን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 73ና 74 አንብብ። 73 ያዘዘውን ይይዛል። 74 ደግሞ የታዘዘውን። ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ፣ በተለይ ነገሩ ነፍስ ማጥፋት ወይም ቤት ማቃጠል ከሆነ፣ እሱም ተጠያቂ ነው። ከ269 ጀምሮ ደግሞ የዘር ማጥፋትና የጦር ወንጀሎች ተራ በተራ ተቀምጠዋል፦ በሲቪል፣ በቁስለኛ፣ በምርኮኛ ላይ የሚፈጸሙት። በጦርነት ጊዜ ቁስለኛን፣ ምርኮኛንና ሲቪልን የሚጠብቁትን የ1949 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች አገራችን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ተጨማሪ ፕሮቶኮሎቹን ደግሞ በ1994። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 መከላከያው ለሕገ መንግሥቱ ተገዥ ይሁን፣ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ይሥራ ይላል። "ታዝዤ ነው" የሚለው መከራከሪያ የናዚ ሹማምንት በተዳኙበት በኑረምበርግ እ.ኤ.አ. በ1946 ተሞክሮ ወድቋል። ስለዚህ ማሰብ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | እሑድ ማታ 3፡38

እሺ ጠበቃው። አሁን አንድ የ19 ዓመት ልጅ፣ ሌሊት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አዛዡ ከኋላው ቆሞ "ተኩስ" ሲለው "ይቅርታ ጌታዬ፣ አንቀጽ 74" ሊል ነው? ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲሉን ያደግን ሰዎች ነን እኮ።

ሕግ ነክ | እሑድ ማታ 3፡59

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ሕጉም አልዘነጋውም። ያው አንቀጽ ሲቀጥል፣ በዲሲፕሊን ግዴታ ተገፋፍቶ ያደረገው እንደሆነ ቅጣቱ ሊቀልለት እንደሚችል ይናገራል። ከወታደራዊ ዲሲፕሊን ጥብቅነት የተነሳ ጭራሽ መከራከርም ሆነ ሌላ ማድረግ የማይችል ከነበረም ላይቀጣ ይችላል። ሕጉ ልጁን ጀግና ሁን አላለውም።

የሚከብደው የቱን ትእዛዝ ልጠይቅ፣ የቱን ልፈጽም የሚለው ነው። በየደቂቃው የሚከራከር ወታደር ለማንም አይጠቅምም። እዚህ ላይ የማይረሳኝ የእስራኤል ፍርድ ቤት ብይን አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1956 ከፍር ቃሲም የሚባል የአረብ መንደር ላይ የሰዓት እላፊው በድንገት ከነበረው ሰዓት ቀደም ተደረገ። እርሻ የዋሉት ገበሬዎች አልሰሙም። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የድንበር ፖሊሶች "ከሰዓት ያለፈ ይመታ ተብለናል" ብለው ወደ 50 የሚጠጉ ሰዎች ገደሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር። ዳኛው በ1958 የፈረዱት በግርድፉ እንዲህ ነው። አንዳንድ ትእዛዝ አለ፣ ሕገ ወጥነቱን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ "ክልክል" የሚል ጥቁር ሰንደቅ የተሰቀለበት ያህል ከሩቅ ይታያል። ጋሼ፣ ልጁን አንቀጽ አያሸምድዱት። ጥቁሩን ሰንደቅ ይንገሩት።

የሆለታ ልጅ | ሰኞ ጠዋት 1፡15

ሌሊት ላይ ነው ያየሁት። ሁላችሁም የፈረንጅ ምሳሌ ፍለጋ ሄዳችሁ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው ተረሳ።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትወጡ ሆለታ ናት። እዚያ በ1927 ዓ.ም. ካፒቴን ቪኪንግ ታም በሚባል ሰው የሚመራ የስዊድን መኮንኖች ቡድን የጦር ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ በቅጡ ሳይጨርሱ ጣልያን መጣ። ንጉሡ ከተሰደዱ በኋላ ከእነዚህ ዕጩ መኮንኖች ብዙዎቹ ውጭ አገር ከተማሩ ወጣቶች ጋር ሆነው ወደ ወለጋ ሄዱና "ጥቁር አንበሳ" የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የከብት ሐኪም ጦር ሲመራ አስቡት እንግዲህ።

ልጆቹ 10 አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። በዚያ ደንብ የጦር አመራሩ ለፖለቲካው አመራር ይገዛል፣ ምርኮኛ በሰብዓዊነት ይያዛል፣ ገበሬው አይንገላታም። ይህን የጻፉት መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። 1928 ዓ.ም. ነው። ጣልያን የሰናፍጭ ጋዝ ካዘነበብን ገና ወራት ነው። "እነሱ ይህን አድርገውናል፣ እኛም..." ለማለት የእነሱን ያህል ምክንያት የነበረው ማንም የለም። አላሉም።

"ገበሬው አይንገላታ" የሚለው እንዲሁ አልመጣም። የእኛ አገር ጦር ለዘመናት ስንቁ ገበሬው ነበር፤ ባላገሩ ወታደር ሲመጣበት ከብቱን ወደ ጫካ የሚነዳው ወድዶ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ ዝርፊያ ትቶ በደሞዝ እንዲያድር ሞክረው ነበር። ገንዘቡ ግን አልበቃም፤ በመጨረሻ ራሳቸው ጎንደርን አስዘረፉ። የጋሼ ዶሮ እዚያ ድረስ ትሄዳለች።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | ሰኞ ጠዋት 1፡50

እኛማ ድሮም ጨዋ ነን፤ አድዋ ላይ ምርኮኛ አብልተን አጠጥተን ነው የላክነው። ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?

የሆለታ ልጅ | ሰኞ ጠዋት 2፡04

አድዋን ግማሹን ብቻ ማንሳት ልማዳችን ሆኗል። የጣልያን ምርኮኞች በአብዛኛው በደህና ተይዘው በኋላ በስምምነት አገራቸው ገቡ፣ እውነት ነው። ከጣልያን ጎን ተሰልፈው የተማረኩት የኤርትራ አስካሪዎች ግን ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ነጩን ምርኮኛ በእንክብካቤ፣ የራሳችንን ቆዳ የለበሰውን በስለት። ይሄን ሳንናገር "ድሮም ጨዋ ነን" ብንል ልጁን እየዋሸነው ነው።

አስተባባሪ | ሰኞ ጠዋት 3፡20

ሁለት መልእክት አንስቻለሁ። ብሔር እየጠራችሁ "እነ እገሌ እንዲህ አድርገዋል" የምትሉ ሌላ ክር ፈልጉ። እዚህ የተጠየቀው የአንድ ልጅ ምክር ነው።

እመቤት ሰንዳፋ | ሰኞ ቀን 7፡10

ነርስ ነኝ፣ የጦር ነገር አላውቅም። የተናደደ ሰውና እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን በየቀኑ አያለሁ። ጋሼ የነገሩን ነገር ረሃብ ነበረበት፤ አራት ቀን ያልበላ ልጅ። ስለዚህ "ክፉ ሰው" ፍለጋ ከመሄዳችን በፊት ሰውዬው በምን ሁኔታ ላይ ነው ብለን እንጠይቅ።

የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2006 ኢራቅ የነበሩ ወታደሮቹን በጽሑፍ መጠይቅ ጠይቋቸው ነበር። ጓድህ ንጹሕ ሰው ቢያቆስል ወይም ቢገድል ሪፖርት ታደርጋለህ? ከምድር ጦሩ አዎ ያሉት 55 ከመቶ ናቸው፣ ማሪን ከሚባለው የባሕር ወለድ ጦር 40 ብቻ። ይሄ ሁሉ ትምህርት፣ ይሄ ሁሉ ጠበቃ ያለው ጦር ነው እኮ። ሲቪል የማንገላታቱ ነገር ጎልቶ የታየው ደግሞ ንዴት በበዛባቸው፣ ብዙ ውጊያ ባዩ፣ አእምሯቸው በተጎዳ ወታደሮች ዘንድ ነው። ጓደኛው ትናንት የሞተበት ልጅ ዛሬ ፍተሻ ላይ ሲቆም ያው ትናንት የነበረው ልጅ አይደለም። እሱን አንድ ቀን እንኳ ከግዳጅ ማሳረፍ የሥነ ምግባር ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ያደረጉት ግን ደስ ብሎኛል። በአንድ ብርጌድ ውስጥ ትምህርቱን ከውጭ በመጣ መምህር መስጠት ትተው፣ አለቃው ራሱ የበታቾቹን፣ እነሱም የበታቾቻቸውን ቁጭ አድርገው የፊልም ቁራጭ እያሳዩ አወያዩ። "አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?" እያሉ። ከወራት በኋላ ሲጠይቋቸው በደሉ ቀንሶ ተገኘ፣ ሪፖርት አደርጋለሁ ባዩም ጨመረ። ከመድረክ ላይ በማይክ የሚሰበከውና የገዛ አለቃህ ዓይንህን እያየ የሚነግርህ አንድ አይደሉም።

ሰላም ለገጣፎ | ሰኞ ማታ 1፡30

ሪፖርት ሪፖርት ትላላችሁ። ለማን?

እኔ ወታደር አይደለሁም፣ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ፣ የድርጅቱን ስም አልናገርም። የፈረቃ ኃላፊያችን ከሴቶቹ ደሞዝ እየቆረጠ ይበላ ነበር። አቤቱታ ጻፍኩ። የሰጠሁት ለቢሮ ነው። ቢሮ "ለሚመለከተው" ብሎ መራው። የሚመለከተው ማን ሆነ? ያው ኃላፊው! በማግስቱ ወረቀቴን በእጁ ይዞ "እጅ ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው" አለኝ። ለሦስት ወር የሌሊት ፈረቃ ላይ ቀረሁ፣ ጅብ በሚጮኽበት በር ላይ።

እዚህ እንዲህ ከሆነ መሣሪያ ባለበት ቤት እንዴት ሊሆን ነው?

ሕግ ነክ | ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም፣ ነገሩን ነካሽው። ጀርመኖች ከሂትለር በኋላ ጦራቸውን እንደገና ሲያቋቁሙ ይህቺን ቀዳዳ ለመድፈን ነው የደከሙት። በ1956 እ.ኤ.አ. ፓርላማው የራሱ የጦር ኃይል እንባ ጠባቂ እንዲኖረው በሕገ መንግሥታቸው ጻፉ። ማንኛውም ተራ ወታደር በአዛዡ በኩል ሳያልፍ ቀጥታ ይጽፍለታል፣ በመጻፉም አይቀጣም። በዚያው ዓመት የወጣው የወታደሮች ሕግ ደግሞ ወንጀል የሚያስፈጽም ትእዛዝ መፈጸም የለበትም ይላል። "አትገደድም" ብሎ አላለፈም፤ መፈጸሙን ከለከለ። ወታደሩን "ዩኒፎርም የለበሰ ዜጋ" ይሉታል።

ካናዳዎች ግን የተማሩት በደም ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1993 ሶማሊያ ለሰላም ማስከበር ሄደው፣ ሺዳኔ አሮኔ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ካምፓቸው ውስጥ ያዙ። ሌሊቱን ሲደበድቡት አድረው ገደሉት፣ አጠገቡ ፎቶ ተነሡ። ከሁሉ የሚያመኝ፣ ጩኸቱን የሰሙ ብዙ ነበሩ። በዚያ ያለፉም፣ ጎራ ብለው አይተው የተመለሱም። ያስቆመ የለም። በ1995 ያ የአየር ወለድ ሬጅመንት ሙሉ በሙሉ ፈረሰ፣ በ1998 የራሳቸውን የጦር እንባ ጠባቂ አቋቋሙ።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | ሰኞ ማታ 2፡40

እሺ ይሄኛው ዝም አሰኘኝ። ሰምቶ የተመለሰው ሰውዬ... እኔ ብሆን የምመለስ ይመስለኛል። እውነቴን ነው።

የኮዬው | ሰኞ ማታ 4፡05

ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ እኔም መለዮ ለብሻለሁ፣ ከጋሼ በኋላ ባለው ዘመን። እንባ ጠባቂ ባይኖረንም ግምገማ ነበረን። ለማያውቁት፣ ከግዳጅ በኋላ ሁሉም ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ተራ ወታደሩም አዛዡን በስሙ ጠርቶ "አንተ በዚህ ቀን እንዲህ አድርገሃል" ይለዋል። አዛዡም ይመልሳል፣ ግለ ሂስ ያደርጋል። በደንብ ሲሠራ አይቻለሁ። አንድ ሻምበል መሪ የወታደሩን ቀለብ ሲያጎድል የተያዘው በግምገማ ነው። መኮንን ላብ ሲያጠምቀው ማየት ለተራ ወታደር ቀላል ነገር አይደለም፣ ደስም ይላል (አልዋሽም)።

ግን ሲበላሽም አይቻለሁ። አዛዡ ቀድሞ ሁለት ሰው ያዘጋጃል። እነሱ ያመሰግኑታል፣ የጠላውን ይወቅሱለታል፣ እሱ ቁጭ ብሎ "ቤቱ ተናግሯል" ይላል። ያኔ ግምገማው የበቀል መድረክ ነው። ክፋቱ ደግሞ የተናገርከውን ሁሉም ሰምቷል። ሰላም እንዳለችው ወረቀትሽ በእጁ ነው፣ የኛ ደግሞ አፋችን በጆሮው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ፊት ለፊት የሚነገርበትም፣ ከጀርባ የሚላክበትም።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

እንቅልፍ ነሣችሁኝ። ሌሊቱን ሳነብ አደርኩና አንድ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ጋሼ "ስንቅ" አሉ፣ እመቤት "ሁኔታ" አለች። ጥጋብ ሥነ ምግባር የሚያመጣ ቢሆን የአውስትራሊያዎቹ ጉድ እንዴት መጣ? አፍጋኒስታን የሄዱት ልዩ ኃይሎቻቸው እንኳን ሊራቡ፣ ምርጥ ሥልጠና፣ ምርጥ ደሞዝ፣ ምርጥ መሣሪያ ያላቸው ናቸው። አገራቸው ራሷ አጣርታ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2020 ያወጣችው ሪፖርት 39 ሰው ያለ አግባብ ስለ መገደሉ ተዓማኒ መረጃ አለ አለ፤ እጃቸው አለበት የተባሉት 25 ናቸው። አዲስ መጪውን ወታደር "ደሙን እናሟሸው" ብለው ምርኮኛ እንዲገድል ያደርጉ ነበር፣ ከዚያ ሬሳው አጠገብ መሣሪያ ወይም ሬዲዮ ጣል አድርገው "ታጣቂ ነበር" ይላሉ። ራበኝ ያለ የለም እዚያ።

የኮዬው | ማክሰኞ ጠዋት 1፡30

ዳዊት ጥሩ አመጣህ። ያንን ሪፖርት ስታነብ ማን አስደረገው ይላል? ጄኔራሉ አይደለም። የጓድ መሪው ነው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ። ከላይ ያሉት አለማወቃቸው ከሞራል ተጠያቂነት ባያድናቸውም፣ ሜዳ ላይ ግን ልጁ የሚያየው አምላክ ያ የጓድ መሪ ነበር። እሱ ያደነቀው ያድጋል፣ የጠላው ወደ ቤቱ ይላካል። የዓሣ ግማቱ ከአናቱ እንላለን። ጦር ውስጥ ግን አናቱ ኮከብ የደረደረው ሰውዬ ብቻ አይደለም፤ ለአዲስ ምልምል አናቱ አጠገቡ የሚተኛው አስር አለቃ ነው። ሁሉ ስብሰባ ለመኮንኖች፣ ሁሉ ሥልጠና ለመኮንኖች፣ አስር አለቃው ግን ሚስማር ይቆጥራል።

እመቤት ሰንዳፋ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

ተቀብያለሁ። ረሃቡ በር ይከፍታል፣ የሚያስገባው ወይም የሚመልሰው ያ ሰው ነው።

ጡረተኛው ዘገላን | ማክሰኞ ሌሊት 5፡20

ጥበቃ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የኮዬው፣ ያልከው አንጀቴን ነካው። እኔ በኋላ ሃምሳ አለቃ ሆኛለሁ። ስለ መቶ አዛዣችን ስጽፍ ራሴን ከጎን የቆመ ሰው አደረግሁት። ዶሮዋ በተበላች ሌሊት ግን ከ11ዱ ውስጥ ሁለቱ አስር አለቆች ነበሩ። እነሱ "መልሳት" ቢሉ ኖሮ ዶሮዋ ነፍሷ ሳይወጣ ትመለስ ነበር። እኔ በተራዬ ሃምሳ አለቃ ስሆን ምን ያህሉን አስቆምኩ? አንዳንዱን። ሁሉን አይደለም።

ሕግ ነክ | ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ጋሼ፣ ነገ ሐሙስ ነውና ስለ አሜሪካዊው ሄሊኮፕተር አብራሪ ይንገሩት። ሂዩ ቶምሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1968 ቬትናም፣ ማይ ላይ በምትባል መንደር የራሱ አገር ወታደሮች ሴትና ሕፃን ሲጨርሱ ከላይ አየ። ሄሊኮፕተሩን በወታደሮቹና በሚሸሹት ሰዎች መሀል አሳረፈ። አብረውት ለነበሩት ሁለት ልጆች "ወገኖቻችን በእነዚህ ሰዎች ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው" ብሎ፣ የተደበቁትን አስወጣ። ተመልሶም ጮኾ ሪፖርት አደረገ፣ ግድያው እንዲቆም ከላይ ትእዛዝ ወረደ። 24 ዓመቱ ነበር።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | ረቡዕ ጠዋት 2፡25

መጨረሻውንም ንገሩት እንጂ። አገሩ ሲገባ ከሃዲ ተባለ፣ መቀጣት ያለበት እሱ ነው ያለ የምክር ቤት አባል ነበር። በዚያ ግድያ ተፈርዶበት የተቀጣው አንድ መኮንን ብቻ ነው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ በቤት እስር ነው ያሳለፈው። ቶምሰን በሚገባው መልኩ የተሸለመው በ1998 ነው። 30 ዓመት! ለልጁ ግማሹን ብቻ አትንገሩት፤ አድዋ ላይ እኔን እንዳረማችሁኝ።

ሰላም ለገጣፎ | ረቡዕ ቀን 6፡45

ማስታወሻ ደብተር ይግዙለት። ቀን፣ ሰዓት፣ ማን ምን አለ። እኔ ያዳነኝ እሱ ነው። ሌላ ኃላፊ ሲመጣ ደብተሬን አወጣሁለት፣ የተቆረጠብን ብር በየቀኑ ተጽፏል። ሰውዬው ተነሣ፣ ብሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተመለሰው።

ጡረተኛው ዘገላን | ረቡዕ ማታ 3፡15

ሄጄ ነበር። እናትየው ዳቦ ጋግራለች፣ ሻንጣው በር ላይ ነው። ልጁን ወደ ውጭ ይዤው ወጣሁ፣ የመኪናው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን። የዶሮዋን ነገር ነገርኩት፣ እኔም መብላቴን ጨምሬ። ጥቁሩን ሰንደቅ ነገርኩት። ሄሊኮፕተሩን ከነመጨረሻው። የሶማሊያውን ልጅ ስነግረው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጋሼ፣ ዶሮውን ያመጣው አለቃው ራሱ ቢሆንስ?"

ዝም አልኩ። ሦስት ከባድ መኪና አለፈ። በኋላ "አትብላ" አልኩት። "አራት ቀን ሳልበላ?" አለኝ። "እኔ በልቻለሁ፤ ይኸው 40 ዓመት ሊሆነው ነው፣ አሁንም ከአፌ አልወጣም" አልኩት። ሳቀ። ሰላም ግዙለት ያለችውን ደብተር ሰጠሁት፣ ባለ 50 ሉክ፣ ደረት ኪስ የምትገባ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናቱን ስልክ ጽፎ ዘጋው።

ዳዊት ቱሉ ዲምቱ | ረቡዕ ማታ 3፡30

መልካም መንገድ በሉልኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ዶሮዋ ስንት ተከፈለባት?

ጡረተኛው ዘገላን | ረቡዕ ማታ 3፡42

7 ብር። ደሞዝ ላይ ከእያንዳንዳችን 65 ሳንቲም ተቆረጠ። 11 ጊዜ 65 ደግሞ 7 ብር ከ15 ነው የሚመጣው። 15 ሳንቲሟ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

የኮዬው | ረቡዕ ማታ 3፡44

ግምገማ ይጠራ!